ቀለለ የተባለው

«ቧንቧውን ዝጊው እንጂ! ጆሮዬ ውስጥ ገባ እኮ!» አለች የባለጋራዡ ሚስት፣ አንገቷን የፀጉር መታጠቢያው ሳህን ላይ አንጋልላ።

ፀጉር አጣቢዋ ምላጭ ዘጋችው። የዘጋችው ግን ለሴትየዋ ጆሮ አዝና ሳይሆን ለራሷ ጆሮ ብላ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ ከረባት ያሰረ ሰውዬ «የወንጀል ቅጣት ሕጉን የማቅለል ሥራ ተጠናቆ አዲሱ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከቀድሞው ጋር ሲተያይ በእጅጉ የቀለለ ነው» ሲል ሰምታለች። ሰውዬው ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ዋጠው።

ፀጉር ቤቱ ተንጫጫ። ጭንቅላቷን ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የቀበረችው ደንበኛ ሳትቀር ብቅ ብላ «ምን አለ? ምን ቀለለ?» አለች።

«ቅጣት ቀለለ!» አለች የፀጉር ቤቱ ባለቤት። ሁሉም ማዳም ነው የሚሏት። የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን በጥርሷ እንደነከሰች ስለምታወራ ግማሹ ቃል እዚያው ይቀራል። «ምላጭዬ፣ ሰማሽ? ወንድምሽ ወጣ በይ!»

ምላጭ ያላት ወንድሟ ነው፣ ምላሷን አይቶ። እሷም በአጸፋው ሽቦ አለችው፣ ቅጥነቱን አይታ። በእነሱ ቤት ስም የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ወላጅ ያወጣው የሚያገለግለው ለትምህርት ቤትና ለክስ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱን ምላጭ ማንበብና መሳደብ በደንብ እንደቻለች ተወችው፤ እናቷ ብቻዋን ቤቱን መሸከም ሲያቅታት ሻምፖ ውስጥ ገባች። ክሱ ደግሞ የሽቦ ነው። በሚሠራበት፣ በዚህችው ሴትዮ ባል ጋራዥ፣ ለጥገና ከገባ የደንበኛ መኪና ላይ ደህና ደህናው ዕቃ ተፈትቶ አሮጌ ተገጥሞበት ተገኘ። ባለመኪናው ከሰሰ፣ ፖሊስ መጣ፣ የጋራዡ ጣት ሁሉ ወደ ሽቦ ተቀሰረ። ሽቦም ለፖሊስ «ብቻዬን ነው ያደረግኩት» ብሎ ቃሉን ሰጠና ገባ። ዳኛ ፊት ቆሞ ጥፋቱን የሚያምንበት ወይም የሚክድበት ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው።

«ይኸው እግዜር ሰማን» አለች የባለጋራዡ ሚስት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «እኔማ ዛሬ የመጣሁት ለዚሁ ነው። አንቺን ላጽናና ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ፀጉርዎን ሊታጠቡ መስሎኝ።»

ማዳም በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አፈጠጠችባት። ምላጭ ያላየች መስላ ሻምፖውን ጨመረች።

«ንገሪው የኔ ቆንጆ» አለች ሴትየዋ። «ምንም ሳይጨነቅ ይመን። ብቻዬን ነኝ ይበልና ይገላገል። ሕጉ ቀሏል፤ በገደብ ነው የሚለቁት። ቤቱ ተቀምጦ፣ እናቱ ጉያ ውስጥ ሆኖ ነው ቅጣቱን የሚጨርሰው። ባለቤቴም ቃል ገብቷል፤ ሥራው ይጠብቀዋል።»

«ብቻውን ነው እንዴ ያደረገው?»

ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች። አረፋው ግንባሯ ላይ ነበረ፤ አልጠረገችውም። «ራሱ ብሏል አይደል?»

«እሱማ የስልኬን ቻርጀር የሸጠ ጊዜም አይጥ በላችው ብሎኛል።»

ካስክ ውስጥ ያለችው ሳቀች። የባለጋራዡ ሚስት ግን አልሳቀችም። ፀጉሯ እንደታጠበ፣ ማድረቂያው ፎን ሳይነካው፣ ፎጣ ጠምጥማ «ቸኩያለሁ፣ ቤት አደርቀዋለሁ» ብላ ወጣች።

ምላጭ በሩ ላይ ቆማ ተከተለቻት፣ በዓይኗ። ከዋናው መንገድ ማዶ በሩ ራሱ የሚከፈት ትልቅ ፀጉር ቤት አለ፤ ሴትየዋ የዚያ ቤት ደንበኛ ናት። በዚህ ቤት በራፍ ስታልፍ አፍንጫዋን የምትሸፍን ሰው ነበረች።

«ማዳም፣ ይቺ ሴትዮ እዚህ መጥታ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አሁንም በምላስሽ ሁለተኛ አትመጣም!»

«ለማጽናናት ይመጣል። ጥሩ። ፀጉሩን ሳያስደርቅ የሚሄድ አጽናኝ ግን አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሲያዝንልሽ ጥርጣሬ፣ ሳያዝንልሽ ጥርጣሬ። ነይ ይልቅ ወለሉን ጥረጊ።»

ጠረገች። እየጠረገች ግን አንዲት ቃል በጆሮዋ ትመላለስባት ነበር። ብቻዬን። ሴትየዋ «ይመን» ብላ መተው ትችል ነበር። ለምን «ብቻዬን» ጨመረችበት?

ቤት ስትደርስ ደግሞ ደስታው ቀድሟት ገብቷል። እናቷ ክሊኒክ ውስጥ ወለል የምታጸዳ ሴት ናት፤ በረኪና እጇን ስለጨረሰው ማታ ማታ ቅባት ተቀብታ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ዛሬ ግን ቅባቱንም ረስታ ክፍሏ እስኪሞላ ታንጎራጉር ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ሁለት የሆነች። ከመጋረጃው ወዲህ በወንድሟ በሽቦ አልጋ ላይ፣ በላስቲክ እንደታሸገ፣ ነጭ ሸሚዝ ተዘርግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋሼ አመጣለት!» አለች እናቷ። ባለጋራዡን ማለቷ ነው። «ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ዱካ ላይ ተቀምጦ! ችሎት ሲቀርብ ሰው መስሎ ይቅረብ አለ። ‹ይህን ለብሶ ባየው ደስ ይለኛል፤ ቃሉን እንደጠበቀ አውቃለሁ› አለ። አየሽ አንጀት? የገዛ አባታችሁ ሲሄድ አንድ ካልሲ እንኳ አልተወላችሁም።»

ምላጭ ላስቲኩን አገላበጠች። አንገቱ ልክ ነው። እጅጌው ልክ ነው። ሽቦ እጁ እንደ ዝንጀሮ ስለሚረዝም እናቱ እንኳ ገዝታለት ልክ ሆኖ አያውቅም።

«ልኩን በምን አወቀ?»

«ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ነው የሚውለው፣ እንዴት አያውቅ!»

«እሺ። ቃሉን እንደጠበቀ የሚለውስ? የቱን ቃል ነው?»

እናቷ ማንጎራጎሯን አቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ሕጉ ቀለለ ተብሎ አገር በሙሉ እልል ሲል አንቺ ብቻ ፊትሽን እንደ ሎሚ ጨምቀሽ ትዞሪያለሽ። ወንድምሽ እንዲወጣ አትፈልጊም?»

ይቺ ስድብ አይደለችም፣ ጥፊ ናት። ምላጭ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ እንደማዘን ብላ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ምላጭ ዳቦውን እያላመጠች ሸሚዙን ታየው ነበር። ሸሚዙም በአራት ስፒል ደረቱን ነፍቶ ያያት ነበር።

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ ስለ አዲሱ ሕግ ለሕዝብ ማብራሪያ ይሰጣል ተባለ። ማዳም «ሂጂ፣ ስሚና ለእኛም ንገሪን» ብላ ለቀቀቻት፤ ደግሞም ምላጭ ያን ጠዋት የሁለት ደንበኛ ጆሮ ውስጥ ውኃ አስገብታ ስለነበር ብትሄድ ይሻላል።

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ አፉ ድረስ ሞልቷል። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፏል፤ ግድግዳ ያጣው ሰው ተደግፏል። አብዛኛው የታሳሪ ቤተሰብ ነው፤ ስንቅ የሚያመላልሱበትን ሳህን ይዘው የመጡም አሉ። መድረኩ ላይ የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ፣ ጫማው መስታወት እስኪመስል የተወለወለ ሰውዬ ይናገራል። ምላጭ ጫማውን አይታ ወዲያው ጠረጠረችው።

«ድሮ አንድን ቅጣት ለማስላት ዳኛው ራሱ ይደክመው ነበር» አለ ሰውዬው። «ማክበጃ አለ፣ ማቅለያ አለ፣ እርከን አለ፣ እርከኑ ውስጥ ሌላ እርከን አለ። አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፉ ሁለት ሰዎች፣ የቀረቡበት ችሎት ስለተለያየ ብቻ ቅጣታቸው ይለያይ ነበር። አሁን ሕጉን አቅልለነዋል!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ። አንዲት ሴት ሳህኗን በማንኪያ መታችው። ሰውዬው በጭብጨባው ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ምላጭ ፈገግታውን አየች፤ የሰዉንም ፊት አየች። እሱ ስለ አንድ ነገር እያወራ እነሱ ስለ ሌላ ነገር እያጨበጨቡ መሰላት። እጇን አወጣች። አላያትም። ወንበር ላይ ወጣች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች። «ቀለለ ሲሉ፣ ለማንበብ ነው ለመታሰር?»

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀ፣ አየው፣ መልሶ አደረገው።

«ለማንበብ ነው፣ እኅቴ» አለ። «ቅጣቱ ቀለለ አላልንም። አንዳንዱ ቀሏል፣ አንዳንዱ ከብዷል። የቀለለው አጻጻፉ ነው።»

አዳራሹ ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ዝቅ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ታዲያ ለምን ቀለለ ትሉናላችሁ? እኔ እኮ ልጄ ሊወጣ ነው ብዬ ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ መጣሁ!»

«አባቴ፣ እኛ እኮ...» አለ ሰውዬው ወረቀቱን እያገላበጠ።

ምላጭ ከወንበሩ አልወረደችም። «በሚሠራበት ቤት ስለሰረቀ ሰውስ ሕጉ ምን ይላል?»

«ሦስት ዓይነት ነው» አለ ሰውዬው፣ ከሽማግሌው ዓይን ለማምለጥ ቸኩሎ። «በራሱ አሳብ፣ ብቻውን ያደረገ፤ አለቃው አዞት ያደረገ፤ ያዘዘው አለቃ ራሱ። ብቻውን ያደረገው ያመነውን ቤት ስለሰረቀ ገደብ የለውም፣ ቢያምንም ይታሰራል። የታዘዘው እውነቱን ከተናገረ በገደብ ሊለቀቅ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ባዘዘው ላይ ነው።»

«ድሮስ? ብቻውን ላደረገው ገደብ አልነበረውም?»

«ድሮ ዳኛው ልጅነቱን አይቶ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አይቶ ሊሰጠው ይችል ነበር። አሁን ቀርቷል።»

ምላጭ ወረደች። የቆመችበት ወንበር ባለቤት የሆነ ነገር አላት፤ አልሰማችውም። ብቻዬን። ለካ ቃሏ የተጨመረችው ለሽቦ አይደለም፤ ለባለጋራዡ ነው።

ሰውዬውንም ቢሆን ግን አላመነችውም፤ ማንን ታምናለች! ኮሪደሩ ላይ ሕጉ ተለጥፎ ስታይ ተጠግታ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም ቃል አላስቸገራትም። እውነትም ቀላል ነበር። ክፉ ነገር እንዲህ በግልጽ ተጽፎ አይታ አታውቅም።

ዞር ስትል መንግሥት ለሽቦ ያቆመለት ጠበቃ፣ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ፋይል በብብቷ ይዛ ደረቅ ዳቦ ስትበላ አገኘቻት። ወጣት ሴት ናት፤ ዓይኖቿ ሥር ግን ያረጀ ሰው አለ።

«የሽቦ ጠበቃ ነዎት አይደል?»

«የማን?»

ምላጭ ስሙን ለማስታወስ አንድ አፍታ ፈጀባት። ነገረቻት።

«አዎ። አንቺ እኅቱ ነሽ፤ ስለ ምላስሽ ነግሮኛል።»

«ባለጋራዡ አነጋግሮዎት ያውቃል?»

ጠበቃዋ ማላመጧን አቆመች። «ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ልጁን አያስጨንቁት፣ አምኖ ይገላገል አለኝ። የሱ ጠበቃ አይደለሁም ብዬ ሸኘሁት።»

«ሻይ ጋብዞዎት ነው የተሸኘው ሳይጋብዝዎት?»

«አይ አንቺ!» ሳቀች ጠበቃዋ፣ በድካም። «ዳቦ ያለ ሻይ ስበላ እያየሽኝ!»

ይቺን መልስ ምላጭ ተቀበለቻት። «ታዲያ ወንድሜን ለምን አልነገሩትም?»

«ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። ‹ቅጣት ቀሏል እኮ፣ እርስዎ አልሰሙም እንዴ?› ብሎ እኔን አጽናናኝ። ያዘዘህ ሰው አለ ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ብቻዬን ነኝ ነው መልሱ። እሱ ያልነገረኝን እኔ ፈጥሬ ልከራከርለት አልችልም፣ ገባሽ? ነገ ዳኛው ሲጠይቀው አንዴ ከአፉ ከወጣች መመለሷ መከራ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መጠየቂያው ሰዓት ነበር። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ጠያቂና ተጠያቂ በሁለት ወንፊት አጥር መካከል ክንድ በማይደርስበት ርቀት ይተያያሉ፤ ሁሉም ስለሚጮህ ማንም አይሰማም። ሽቦ ከሩቅ ታየ። ድሮም ቀጭን ነበር፣ አሁን ስሙን አልፎ ሄዷል።

«ምላጭ! ሰማሽ አይደል? ቀለለ እኮ!»

«ከሳህ።»

«ተይው እሱን፣ ስሚ...»

«ለማንበብ ነው የቀለለው።»

«ምን?»

«ለ-ማ-ን-በ-ብ!» ብላ ጮኸች። ጎናቸው የነበሩ ባልና ሚስት ዞር አሉ። «ለመታሰር አልቀለለም። ብቻዬን ነኝ ያለ ሰው ገደብ የለውም፣ ይታሰራል። ታዝዤ ነው ያለ ነው በገደብ የሚወጣ። ያዘዘው ደግሞ ጉድ ይሆናል።»

«ማን አለሽ?»

«አነበብኩት።»

«አንቺ?» ሽቦ ሳቀ፤ ከታሰረ ጀምሮ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ያለውን እንኳ ሳትጨርሺ የሚደክምሽ!»

«ቀላል ነው አልኩህ እኮ። ለዚያ ነው የጨረስኩት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ዓይኑ ግን ሄደ። ወንፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ምላጭ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ፈለገች፤ ዝቅ ቢል አይሰማም። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት መጠየቅ ደስ አይልም፤ ግን ጠየቀችው።

«ማን ነው ፍታ ያለህ?»

«ብቻዬን ነኝ» አለ ሽቦ፤ ቀኝ እጁም ወንፊቱን ለቆ የጆሮውን ጫፍ ያሽ ጀመር።

የቻርጀሩ ጊዜ ያሸው ያንኑ ጆሮ ነው። የሰፈሩን መስኮት የሰበረ ጊዜም። እናቱ አታውቅም፣ ፖሊስ አያውቅም፣ ጠበቃዋ አታውቅም። ምላጭ ታውቃለች።

«ጆሮህን ልቀቀው» አለችው።

እጁን እንደ ተቃጠለ አወረደው። ጎናቸው ያለችው ሚስት ስለ አንድ ብርድ ልብስ ትጮሃለች።

«መፍቻ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለ ሽቦ በመጨረሻ። «አባታችን የሄደ ጊዜ ማን ነበረ? ማን ነው እጄን ይዞ ጋራዥ ያስገባኝ?»

«እጅህን ይዞ አስገባህ። እሺ። አሁንም እኮ እጅህን ይዞ ነው ያስገባህ፤ እሱ ግን በራፉ ላይ ቀረ።»

«አይገባሽም።»

«አይገባኝም። እማዬ ግን ነገ ከችሎት ይዛህ ልትመለስ አልጋህን አንጥፋለች። ይሄ ይገባሃል?»

ጠባቂው ሰዓት አልቋል እያለ በዱላው ወንፊቱን መታ። ሽቦ ወደ ኋላ እየሄደ «ጋሼ ሸሚዝ አመጣ አሉ» ብሎ ጮኸ። «ነጩን ላኪልኝ!»

ነጩን። ቀለሙን እሷ አልነገረችውም፤ ምላጭ እስከ ቤት ድረስ ይቺን እያኘከች ሄደች። ማታ ለእናቷ ሁሉን ነገረቻት፤ ወንበሩን፣ ሽማግሌውን፣ ኮሪደሩን፣ ጆሮውን። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «እሱ ሰው ባይኖር እኛ ማን ነበረን?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አመነች አላመነች፣ ከጀርባዋ ማወቅ አይቻልም።

ነጋ። እናቷ ጓሮ ፊቷን ስትታጠብ ምላጭ ከፀጉር ቤት በኪሷ ያመጣችውን ጥቁር የፀጉር ቀለም አወጣች። ገበቴው ውስጥ ውኃ አደረገች፣ ቀለሙን በጠበጠችው። ነጩን ሸሚዝ አንስታ የላስቲኩን አፍ ከፈተችና ከገበቴው በላይ ያዘችው። ብትለቀው አለቀ። ሽቦ የሚለብሰው ያጣና የራሱን ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ባለጋራዡም ያያል፤ ያልቃል።

ምን ያልቃል? ሸሚዙን ብትነክርበት ምላሱን አትነክርበትም። ሰማያዊ ለብሶም «ብቻዬን» ማለት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ እሷም እንደ ባለጋራዡ ልብስ መርጣ ያለበሰችው ሰው ሆና ትቀራለች።

እስከ ዛሬ ማንንም አምና አታውቅም። የቻርጀሩን ሌባ ማመን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ቢሆንም ቀለሙን ደጅ ደፋችውና ሁለቱንም ሸሚዝ በአንድ ፌስታል ከተተች።

ባለጋራዡ በመኪናው መጥቶ በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው፤ ደግነቱ ነው የሚያስፈራው። እናቷን «እቴቴ፣ ከፊት ይቀመጡ» ብሎ ከፊት አስቀመጣት። ምላጭ ከኋላ ሆና በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ትጠብቃለች፤ እሱም አንዳንዴ የሷን።

«ምላጭ ዛሬ ዝም አለች» አለ እየሳቀ።

«እየተሳልኩ ነው፣ ጋሼ።»

ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። የችሎት ልብስ የሚቀበለው ጠባቂ ፌስታሉን ከፍቶ አየ። «ለአንድ ሰው አንድ ሸሚዝ ነው።»

«የፈለገውን ይልበስ፤ ያልፈለገውን ይመልሱልኝ። በእናትዎ።»

«የልብስ መደብር መሰለሽ እንዴ?» አለ ጠባቂው፤ ቢሆንም ይዞ ገባ።

ምላጭ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ የመኪናው መስኮት ወርዷል፤ ባለጋራዡ መሪውን በጣቶቹ ሲመታ ይሰማታል፣ ጠብ ጠብ። ወደ ኋላ አልዞረችም። የሽቦን ጆሮ አሰበች። የሽማግሌውን ቀለም የተቀባ ክፍል አሰበች። ጠባቂው የቀረው ሆን ብሎ መሰላት፤ ባለጋራዡ ለሱም ሸሚዝ ገዝቶለት እንደሆነስ?

ጠባቂው ብቅ አለ። እጁ ላይ ላስቲክ ብልጭ አለ።

ነጩ ነው። ስፒሎቹ እንኳ አልተነቀሉም።

«ምን አለ?» አለች ምላጭ።

«ምንም። ‹ለእኅቴ ጆሮዬን ለቅቄዋለሁ በልልኝ› አለ። ሁላችሁም እብዶች ናችሁ መሰለኝ።»

ወደ መኪናው ተመለሰች። ከኋላ አልገባችም፤ በሾፌሩ በኩል ዞራ ሸሚዙን በመስኮቱ ባለጋራዡ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«ምነው፣ ጠበበው?» አለ። ፈገግታው ቦታው ላይ ነበረ።

«ኧረ ልኩ ነበር። የራሱን ለበሰ። እርስዎ ይያዙት፣ ጋሼ። ለችሎት ጥሩ ነው ብለው የለ? ሳያስፈልግዎት አይቀርም።»

ጣቶቹ መሪው ላይ ቆሙ። ሸሚዙን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀጥሎ እናቷን። እናቷ ግን እሱን አላየችውም። ጭኑ ላይ ያለውን ያልተነቀለ ስፒል አንድ በአንድ ትመለከት ነበር። ከዚያ የወንበሩን ቀበቶ ፈታች።

«ወዴት ነው፣ እቴቴ? ይረፍድብናል እኮ!»

«እግሬ ደንዝዟል» አለች እናቷ በሩን እየከፈተች። «ላፍታታው።»

ወረደች፤ በሩንም ሳትወረውር፣ በቀስታ ዘጋችው። ሁለቱ በመንገዱ ዳር ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። መኪናው ሞተሩ እንደተነሣ ከኋላቸው እዚያው ቆሟል፤ የትኛዋም አልዞረችም።

ጥቂት እንደሄዱ እናቷ ጠየቀች። «ፍርድ ቤቱ በእግር ሩቅ ነው እንዴ?»

«ቀላል ነው።»

እናቷ ቆም አለች። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ፣ በጎሪጥ አየቻት።

«ምኑ?»